የፋብሪካው ይሻላል ወይስ የሌላው? ስለ ሾክ አብዞርበርና ስለ ሞላ ምርጫ

በአዲስ አበባ፥ በመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በሌላው የመለዋወጫ ዕቃ ሰፈር፥ ማልዶ ሱቁን የሚከፍት ነጋዴ ሁሉ በቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማው አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ኦሪጅናል» የሚለው ነው። ደንበኛው ከባንኮኒው ፊት ቆሞ «ኦሪጅናሉን ስጠኝ» ይላል። የሱቁ ሠራተኛ ሦስት ካርቶን ከመደርደሪያ ያወርዳል። በአንደኛው ላይ የታተመው የአውቶሞቢሉ ፋብሪካ ስም ነው፤ በሁለተኛው ላይ የሾክ አብዞርበር ሠሪው የራሱ ስም ይነበባል፤ በሦስተኛው ላይ ያለው ስም ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ይመስላል እንጂ አይደለም። ሠራተኛውም «ጋሼ፥ ሦስቱም ኦሪጅናል ናቸው፤ ልዩነታቸው የዋጋ ብቻ ነው» ይላል። ደንበኛው መካከለኛውን ዋጋ መርጦ ይከፍልና ይሄዳል።

ከዚህ አጭር የገበያ ንግግር ውስጥ ሁለት ነገሮች ጎድለዋል። ሻጩ አውቶሞቢሉ በምን ዓይነት መንገድ ላይ፥ ምን ያህል ተጭኖበት እንደሚሄድ አልጠየቀም፤ ገዢውም ዕቃውን የሠራው ማን እንደ ሆነ አልጠየቀም። በሌላው ዕቃ ቢሆን እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መዝለል የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል በሆነ ነበር። የበር እጀታ ቢሰበር ሌላ እጀታ ይገዛል። ሞላና ሾክ አብዞርበር ግን ጎማውን ከመሬት ጋር አገናኝተው የሚይዙ ዕቃዎች ስለ ሆኑ፥ ፍሬኑም ሆነ መሪው ለነጂው የሚታዘዘው እነርሱ ሥራቸውን እስከ ሠሩ ድረስ ብቻ ነው።

ነገሩን አጥርቶ ለማየት በገበያችን ብዙ ከማይገኝ ከአንድ ዓይነት አውቶሞቢል መነሣት ይጠቅማል፤ ይኸውም የስፖርት አውቶሞቢል ነው። የታክሲ ወይም የጭነት መኪና ነጂ ሾክ አብዞርበሩ መድከሙን ቢያውቅም ሥራው ግድ ስለሚለው ችሎ ይነዳል። የስፖርት አውቶሞቢል ባለቤት ግን ገንዘቡን ያወጣው መንገዱን በመሪውና በወንበሩ በኩል አጥርቶ ለመስማት ስለ ሆነ፥ ጥቂት ለውጥ እንኳ አያመልጠውም። ስለዚህም «የፋብሪካው ይሻላል ወይስ የሌላው» የሚለው ክርክር በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ለብዙ ዓመታት በገንዘብና በላብ ተፈትኗል። ከእነርሱ የሚገኘው ዕውቀት የኮሮላና የላንድክሩዘር ዕቃ ለሚያስመጣ ነጋዴም የሚጠቅም ነው።

ለምሳሌ ያህል የጃፓኑን ማዝዳ ኤም ኤክስ-5 መመልከት ይቻላል። ይህ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ ክፍት አውቶሞቢል ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ሚሊዮንኛው ተሠርቷል። የመጀመሪያው ዓይነት ክብደቱ ወደ 1 ሺህ ኪሎ የሚጠጋ ብቻ ነበር፤ ሞተሩም ኃይለኛ የሚባል አልነበረም። ዝናውን ያገኘው በፍጥነቱ ሳይሆን በመታዘዙ ነው። መሐንዲሶቹ አሳባቸውን የገለጹት ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል ሲሆኑ በሚል የጃፓን አነጋገር ነበር። ፈረስ የሚያውቅ የአገራችን ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ፈረሱ ጥሩ ሆኖ ሳለ ኮርቻው ከላላ ፈረሰኛው ምን እንደሚገጥመው ያውቃልና።

እንግዲህ የአውቶሞቢሉ ኮርቻ ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ሞላው የአውቶሞቢሉን ክብደት ይሸከማል። ሾክ አብዞርበሩ ግን፥ ብዙ ሰው እንደሚያስበው፥ ክብደት አይሸከምም፤ ሥራው ሞላውን ማስታገሥ ነው። ጎማው ድንጋይ ሲረግጥ ሞላው ይጨመቃል፤ የተጨመቀው ሞላ መልሶ ይፈናጠራል፤ የሚያስታግሠው ከሌለ አውቶሞቢሉ በማዕበል ላይ እንዳለ ጀልባ እየዋለለ ይሄዳል። በሾክ አብዞርበሩ ውስጥ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳዎችና በቀጫጭን የብረት ቅጠሎች መካከል አስገድዶ ያሳልፈዋል፤ የሞላው ጉልበትም ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ምሥጢሩ ያለው በእነዚያ ቀዳዳዎች ስፋትና በእነዚያ ቅጠሎች ውፍረት ነው። ከውጭ ሲታዩ መንታ የሚመስሉ ሁለት ሾክ አብዞርበሮች በውስጣቸው ፈጽሞ የተለያዩ ሊሆኑ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ቁመቱን በሜትር ለክቶ፥ የብሎኑን ቀዳዳ አመሳክሮ፥ «ልክ ነው፤ ይገባል» የሚል ሻጭ የለካው ቆርቆሮውን እንጂ ሥራውን አይደለም።

የኤም ኤክስ-5 ፋብሪካ እነዚህን መጠኖች ሲወስን ያሰበው ስለ አንድ ደንበኛ አልነበረም። ወጣቱንም ሽማግሌውንም፥ በበረዶ አገር የሚነዳውንም በበረሃ የሚነዳውንም፥ ድምፅ የሚጠላውንም ፍጥነት የሚወደውንም በአንድነት ማሰብ ነበረበት። በዚህ ላይ የዋጋ ገደብ አለበት፤ ጎማውም የተመረጠ ነው። ስለዚህ የፋብሪካው ዕቃ ለሁሉም የሚበቃ፥ ለማንም ግን ፍጹም ያልሆነ ስምምነት ነው። ይህን እንደ ነቀፋ የሚቈጥሩ አሉ፤ ግን ስምምነቱ የተደረሰው ከብዙ ሺህ ኪሎሜትር ፈተና በኋላ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ሞላው፥ ሾክ አብዞርበሩ፥ ጎሚኒዎቹና ጎማውን የሚይዙት ክንዶች እርስ በርሳቸው ተስማምተው የተቀመሩ ናቸው።

ሌላው ሠሪ፥ ማለት ከአውቶሞቢሉ ፋብሪካ ውጭ በራሱ ስም የሚሸጠው፥ ይህ ሁሉ ሸክም የለበትም። እርሱ የሚያስበው ስለ አንድ ዓይነት ገዢ ነው። የሆላንዱ ኮኒ ነጂው ራሱ ቁልፉን በማዞር የሾክ አብዞርበሩን ጥንካሬ የሚያስተካክልበትን ዓይነት ሠርቶ ይሸጣል። የጀርመኑ ቢልሽታይን አውቶሞቢሉ እንደ ነበረ እንዲቈይ ለሚፈልግ፥ በዚያው ቁመት ጠንከር ያለ ለሚፈልግና ዝቅ ብሎ እንዲሄድ ለሚፈልግ ደንበኛ ልዩ ልዩ ዓይነቶችን ለይቶ አውጥቷል። በዚህ ነገር አስመጪዎቻችን ልብ ሊሉት የሚገባ ቁም ነገር አለ፤ ጥሩ ሠሪ «የእኔ ይሻላል» ብቻ ብሎ አያልፍም፤ «የእኔ ይህኛው ለዚህ ሥራ ነው» ብሎ በካታሎጉ ይጽፋል። በካታሎጉ ይህን ያልጻፈ ሠሪ ዋጋው ቢቀንስም ጥርጣሬ ይገባዋል።

በኤም ኤክስ-5 ባለቤቶች ዘንድ ከሁሉ ይልቅ ተደጋግሞ የታየው ስሕተት ግን የመጥፎ ዕቃ ስሕተት አይደለም፤ የጥሩ ዕቃ ያለ ቦታው መግባት ነው። አውቶሞቢሉ ዝቅ ብሎ ሲታይ ያምራል። ስለዚህ ባለቤቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊሜትር የሚያሳጥር ሞላ ብቻውን ገዝቶ፥ የደከመውን የፋብሪካ ሾክ አብዞርበር እንዳለ ትቶ ያስገጥማል። ሞላው ከታዋቂ ፋብሪካ የተገኘ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ግን እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የጎማው መውጫና መውረጃ ርቀት ያጥራል፤ ያ አውቶሞቢል ደግሞ ድሮውንም ርቀቱ አጭር ስለ ነበር፥ በትንሽ ጕድጓድ ሁሉ መመከቻው ጎሚኒ ላይ ይወድቃል። ጎሚኒው ሲመታ አውቶሞቢሉ በድንገት ይደርቃል፤ በመታጠፊያ ላይ ከሆነ ኋላው ሊያመልጥ ይችላል። ሁለተኛ፥ አዲሱ ሞላ የጠነከረ ስለ ሆነ የሚፈናጠርበት ጉልበት ይበልጣል፤ የድሮው ሾክ አብዞርበር ግን የተቀመረው ለለስላሳው ሞላ ነው። ሦስተኛ፥ ቁመቱ ሲለወጥ የጎማው አቋም ይለወጣል፤ አላይመንት ካልተደረገለት ጎማው በአንድ ወገን እየተበላ ያልቃል። ባለቤቱም የከፈለው ገንዘብ መልክ ገዛለት እንጂ አነዳድ አልገዛለትም።

በጀርመን አገር እንዲህ ያለው ለውጥ እንደ ቀላል ነገር አይታይም። ሞላ የሚያሳጥር ሰው ዕቃው ለዚያ አውቶሞቢል የተፈቀደ መሆኑን የሚገልጽ ሰነድ ሊኖረው፥ እንደ ሰነዱም ዓይነት አውቶሞቢሉን አስመርምሮ ለውጡን ሊያስመዘግብ ይገባዋል። ሕጉ የሚያየው መለዋወጫ እንደ ተቀየረ ሳይሆን አውቶሞቢሉ ራሱ እንደ ተለወጠ ነው፤ አስተያየቱም ትክክል ነው።

አሁን «ኦሪጅናል» ወደሚለው ቃል መመለስ ይቻላል። የአውቶሞቢል ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ ሾክ አብዞርበር ራሳቸው አይሠሩም፤ ከዚሁ ሥራ ባለሙያዎች ይገዛሉ። ኬ ዋይ ቢ የተባለው የጃፓን ድርጅት ለቶዮታና ለሌሎችም ፋብሪካዎች ያቀርባል፤ በራሱም ስም ለገበያ ያወጣል። የጀርመኑ ሳክስም እንዲሁ። ኤም ኤክስ-5 ራሱ በአሜሪካ ገበያ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአንዳንድ የስፖርት ዓይነቶቹ ላይ ከቢልሽታይን ሾክ አብዞርበር ጋር ከፋብሪካ ወጥቷል። ታዲያ ለእነዚህ አውቶሞቢሎች ቢልሽታይን የፋብሪካው ነው ወይስ የሌላው? የካርቶኑን ስም ብቻ የሚያይ ሰው ለዚህ መልስ የለውም።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን ችግር አስቀድሞ አይቶ፥ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ደንብ «ኦሪጅናል መለዋወጫ» የሚለውን ቃል ተርጉሞታል። በትርጓሜው መሠረት፥ ዕቃው አውቶሞቢሉ በተገጣጠመበት ዕቃ ጥራት፥ የአውቶሞቢሉ ፋብሪካ ባወጣው ዝርዝርና ደረጃ ከተሠራ፥ ሠሪው በራሱ ካርቶን ቢያወጣውም ኦሪጅናል ነው። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የዋስትና ሕግ፥ አምራቹ በነፃ ካልሰጠ ወይም ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በቀር፥ ዋስትናውን የራሱን ስም የያዘ ዕቃ ከመግዛት ጋር እንዳያያይዝ ከልክሏል። በሁለቱም አገሮች የታሰበው ገዢው ለካርቶን ሥዕል ብቻ ከፍ ያለ ዋጋ እንዳይከፍል ነው።

ይሁን እንጂ አንዳንድ ነጋዴዎች ይህን ሰምተው «እንግዲያው የሠሪው ካርቶንና የፋብሪካው ካርቶን አንድ ነው» ወደሚለው ድምዳሜ ይቸኩላሉ። ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። አንድ ሠሪ ለአውቶሞቢሉ ፋብሪካ ሲሠራ ቅመራው የታዘዘለት ነው፤ በራሱ ስም ሲያወጣ ግን ብዙ ዓይነት ለማከማቸት ስለሚያስቸግረው፥ ፋብሪካው ለሦስትና ለአራት ዓይነት አውቶሞቢል በየግሉ ያዘዘውን በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ ሊያወጣው ይችላል። ለተራው ሠራተኛ አውቶሞቢል ይህ ጥቅል በጣም የሚበቃ ነው። ለስፖርት ዓይነቱ ግን ለስላሳውን ገዝቶ መግጠም ማለት ነው። ስለዚህ የሚያስተማምነው የሠሪው ስም ብቻ ሳይሆን ከስሙ ጋር ያለው የዕቃ ቁጥር ነው። የሻንሲ ቁጥር ሳይጠይቅ ፕሮፎርማ የሚያዝ አስመጪ በዕድል ይነግዳል።

ስለ ሾክ አብዞርበር አሠራርም አንድ ነገር ማንሣት ያሻል፤ ለአገራችን መንገድ የቀረበ ጉዳይ ነውና። የተለመደው ዓይነት ቱቦ በቱቦ ውስጥ የገባበት ነው። ሌላው በአንድ ቱቦ ውስጥ ዘይቱን በናይትሮጂን ጋዝ ግፊት አጥብቆ የሚይዘው ሲሆን፥ ቢልሽታይን እ.ኤ.አ. በ1957 ለመርሴዲስ ቤንዝ በተከታታይ ምርት ያቀረበው ይህንን ነው። ዘይት ሲናጥ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ያዘለ ዘይት ደግሞ አይቋቋምም፤ የጋዙ ግፊት ይህን ይከላከላል፤ ነጠላው ቱቦም ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል። የስፖርት ነጂዎች ቢወዱት አያስደንቅም። ነገር ግን በነጠላው ቱቦ ፒስተኑ የሚንሸራተተው በውጪው ግድግዳ ላይ ስለ ሆነ፥ ከጎማ የተፈናጠረ ድንጋይ ግድግዳውን ቢያጐደጕደው ፒስተኑ ሊነክስ ይችላል። ባለ ሁለቱ ቱቦ ግን ውጪው ቢጐደጕድ ውስጡ ሥራውን ይቀጥላል። በአስፋልት የሚወደደው ዓይነት በኮረት መንገድ ላይ የሚቸገርበት ጊዜ አለ ማለት ነው። «ውዱ ይሻላል» ለሚለው አባባል ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

ጎሚኒዎቹን የሚያስብ ሰው ግን ጥቂት ነው። ሾክ አብዞርበር የሚገዛ ደንበኛ የላይኛውን ማረፊያና መመከቻውን ጎሚኒ አይገዛም፤ ሻጩም አያስታውሰውም። አዲስ ሾክ አብዞርበር በተበላ ጎሚኒ ላይ ሲገጠም ይንኳኳል፤ ደንበኛውም «የሸጠኝ ፎርጅድ ነው» ብሎ ተቈጥቶ ይመለሳል። ብዙ የሾክ አብዞርበር ክስ በመሠረቱ የጎሚኒ ክስ ነው። የስፖርት አውቶሞቢል ባለቤቶች በላስቲኩ ፋንታ ፖሊዩሬቴን የሚባለውን ጠንካራ ዓይነት ይመርጣሉ፤ መሪው ይጠራል፤ ዳሩ ግን የመንገዱ ንዝረትና ጩኸት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቅባትም ይፈልጋል። ለቤተሰብ አውቶሞቢል የፋብሪካው ላስቲክ ይበልጣል። ከብረት ጋር የተጣበቀውን ላስቲክ የሚገጥም መካኒክ ብሎኑን በመጨረሻ ማጥበቅ ያለበት አውቶሞቢሉ በጎማው ቆሞ ክብደቱን ሲይዝ ነው። በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይኖራል፤ ከጊዜውም አስቀድሞ ይቀደዳል። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር በትንሽ ወረቀት አሳትሞ ከእያንዳንዱ ጎሚኒ ጋር የሚሰጥ ባለ ሱቅ ምን ያህል የተመላሽ ዕቃ እንደሚቀንስለት ራሱ ያየዋል።

ጊዜ ሲያልፍ ደግሞ የፋብሪካው ዕቃ ጨርሶ የማይገኝበት ሰዓት ይመጣል። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ2017 የመጀመሪያውን ኤም ኤክስ-5 በጃፓን የማደስ አገልግሎት እንደሚጀምር አስታውቆ፥ ማምረቱ የቆመውን የጣሪያ ሸራ፥ የመሪ ክብና የዚያን ዘመን ጎማ እንደገና አሠርቷል። ቶዮታም ለአሮጌዎቹ የስፖርት አውቶሞቢሎቹ የጀመረውን ተመሳሳይ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 ለላንድክሩዘር 40 እንደሚያደርግ ገልጿል። ይህ የሚያሳየው ዕድሜው የገፋ አውቶሞቢል ባለቤት ገበያ መሆኑን ፋብሪካዎቹም እንደ ተረዱት ነው። እስከዚያው ድረስ ግን ክፍተቱን የሚሞላው ሌላው ሠሪ ነው፤ እርሱ ባይኖር ኖሮ ብዙ ደኅና አውቶሞቢል በአንድ ጥንድ ሾክ አብዞርበር እጦት በቆመ ነበር።

በአገራችን ይህ ነገር ከምን ጊዜውም ይልቅ የከበደ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ፥ በመንገድ ላይ ያለው ኮሮላና ቪትዝ በአዲስ የሚተካ ሳይሆን ተጠግኖ የሚኖር ሆኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የዶላሩ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ አለፈ። በዚያ ዋጋ ተገዝቶ መርከብ የተጫነ፥ ጉምሩክ የተከፈለበት ሾክ አብዞርበር በስድስት ወር ውስጥ ዘይቱን አፍስሶ ሲጣል፥ የጠፋው የደንበኛው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በብዙ ጥበቃ የተገኘው የውጭ ምንዛሪም አብሮ ፈስሷል። ሁለተኛውን ለማስመጣት እንደገና ወረፋ ይጠበቃል።

ታዲያ አስመጪው የትኛውን ይምረጥ? ለአብዛኛው የቤት አውቶሞቢል ከሁሉ የሚበልጠው ፋብሪካውን የሚያቀርበው ሠሪ በራሱ ስም ያወጣው ዕቃ ነው፤ ከፋብሪካው ካርቶን በዋጋ ይቀንሳል፤ በሥራ ግን ብዙም አይለይም። አውቶሞቢሉ ልዩ ቅመራ ያለው የስፖርት ዓይነት ከሆነ የፋብሪካውን ቁጥር መከተል ይሻላል። ዘወትር ጭነት ተሸክሞ ወደ ገጠር ለሚወጣው ላንድክሩዘር ወይም ሃይሉክስ ግን የፋብሪካው ሞላ እንኳ የማይበቃበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ፋብሪካው ያሰበው ባዶውንም ሙሉውንም ነውና። እንደ አውስትራሊያው ኦልድ ማን ኢሙ ያሉ ሠሪዎች ሞላውን በሚጫነው ክብደት ልክ ከፋፍለው፥ ከሚስማማው ሾክ አብዞርበር ጋር አንድ ላይ ያቀርባሉ። ለዚህ ሥራ ሌላው ሠሪ ከፋብሪካው ይበልጣል። ነገር ግን ይኸው ሞላ ባዶውን በከተማ ለሚዞር መኪና ቢገጠም ወንበሩ ላይ የሚያስቀምጥ አይሆንም። ስለዚህ «ስንት ኪሎ ይጭናሉ?» የሚለው ጥያቄ «ስንት ብር ይዘዋል?» ከሚለው መቅደም አለበት።

በቅርብ ዓመታት የገቡት የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎችም በዚህ ረገድ አዲስ ትምህርት ይዘው መጥተዋል። ባትሪያቸው ከባድ ስለ ሆነ፥ በቁመት የሚመሳሰል የነዳጅ አውቶሞቢል ሾክ አብዞርበር ቢገባላቸውም አያስታግሣቸውም። በእነርሱ ላይ የ«ይገባል» ንግድ ከአሮጌዎቹ ይልቅ ቶሎ ይጋለጣል።

ብዙ ባለ ሱቆች «ደንበኛው ዋጋ እንጂ ሌላ አይጠይቅም፤ ርካሹን ካላስመጣን ጎረቤታችን ያስመጣዋል» የሚል ክርክር አላቸው። ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ ኪራይና ግብር የሚከፍል ሰው ክርክር ነው። ርካሽ ዕቃ መሸጥም ነውር አይደለም፤ አውቶሞቢሉን በሚቀጥለው ወር ለሚሸጥ ሰው ወይም ለጊዜው ለቸገረው ሰው ርካሹ ዕቃ ተገቢው ዕቃ ሊሆን ይችላል። ነውሩ ርካሹን በውዱ ስም መሸጡ ነው። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ አድርጎታል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም ሸማቹን የሚያሳስት መግለጫ ከልክሏል። ይሁንና ገዢው መብቱን ለመጠየቅ የገዛውን ማወቅ አለበት። ከካሽ ሬጅስተሩ የሚወጣው ደረሰኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ «መለዋወጫ» ከሚል አንድ ቃል ሌላ የያዘው የለም።

ስለዚህ በደረሰኙ ላይ ሦስት ነገሮች ቢጻፉ ብዙ ክርክር ይቀራል፤ የሠሪው ስም፥ የዕቃው ቁጥርና ዕቃው ለየትኛው አውቶሞቢል መሆኑ። «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ከደረሰኙም ከባንኮኒውም ንግግር ቢወጣ ማንም አይጎዳም፤ በስፍራው «የፋብሪካው ካርቶን»፥ «የሠሪው ካርቶን» እና «የሌላ ሠሪ» የሚሉት ግልጽ ቃላት ይበቃሉ። ይህን ለመጀመር ከመንግሥት መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በአንድ ሰፈር ያሉ አምስትና ስድስት ሱቆች ቢስማሙ፥ ደንበኛው እንዲህ ያልተጻፈበትን ደረሰኝ ከሌላውም መጠየቅ ይጀምራል። አስመጪውም ከላኪው ጋር ሲከራከር፥ በየትኛው ቁጥር የመጣው ዕቃ ስንት ጊዜ እንደ ተመለሰ በጽሑፍ የያዘ ስለሚሆን፥ ለሚቀጥለው ፕሮፎርማ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አያገኝም።

አንድ ሾክ አብዞርበር ብቻ ልግዛ ብሎ የሚመጣውም ደንበኛ አይረሳ። በቀኝ አዲስ፥ በግራ የደከመ የተገጠመበት አውቶሞቢል በፍሬን ጊዜ ሁለቱ ጎማዎቹ መሬቱን እኩል አይዙም። የስፖርት አውቶሞቢል ባለቤት ጥንዱን ካላገኘ አይገዛም፤ የእኛ ደንበኛ ግን የፈሰሰውን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ሱቁም ጥንዱን ፈትቶ አንዱን ይሸጥለታል። የቀረው ነጠላ ሾክ አብዞርበር በመደርደሪያው ላይ አቧራ ሲለብስ ከርሞ፥ ከሌላ ቁጥር ነጠላ ጋር እንደ ጥንድ ተደርጎ ለሌላ ሰው ይሸጣል።